አሯሯጩን ያሯሯጥንበት ቀን

ታላም መቀመጥ አቃተው። ነገሩ የጀመረው ከዚህ ነው። እዚህ ኬንያ፣ ኢቴን ከተማ ሌላ ሌላ የሚያወራ አይጠፋም፤ አንዱ ድግምት ነው ይላል፣ አንዱ ሚስቱ ናት ያበላሸችው ይላል። አፋቸውን ይዝጉ። ወጥ ቤቱ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ሳህኑን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ በኋላም መኪናው ላይ ሆኜ ሁሉንም ያየሁት እኔ ነኝ።

ማማ ቹሞ ይሉኛል፤ ቹሞ የበኩር ልጄ ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ጥዶቹ ገባ ብሎ ባለው የሯጮች ካምፕ ምግብ የማበስለው እኔ ነኝ። ልጆቹ ከልምምድ ሲመለሱ ወተት የበዛበት ሻይ፣ ቀን ኡጋሊ የምንለው የበቆሎ ገንፎና ጎመን፣ ማታም ኡጋሊና ጎመን፣ ስጋ ከተገኘ ስጋ። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። እስቲ ኑና ያን ሁሉ ሰው የሚያጠግብ ድስት ኡጋሊ አማስሉ፣ ከዚያ ክንዳችሁን እንየው።

ካምፓችን አንድ ደንብ አለው። ማለዳ ሰማዩ ገና ሳይገልጥ ልጆቹ በሩ ላይ ይሰለፋሉ። አሰልጣኝ ቦዌን እያነከሰ ይመጣል፤ ወጣት ሳለ መሰናክል ሯጭ ነበር፣ ጉልበቱን እዚያው ትቶት ነው የመጣው። በፊታቸው እያለፈ እያንዳንዱን «የት ጋ?» ብሎ ይጠይቃል። ይቺው ናት ሰላምታው። ያመመው ያመመውን ያሳያል፤ ባቴ፣ ግራ ጉልበቴ፣ ተረከዜ። የቦዌንም መልስ ያው አንድ ነው፤ «ዛሬ ሩጫ የለም። ሂድና ታይ።» ማንም አያፍርም። ባቱን ደብቆ የሮጠ ሰው ዓመቱን ሙሉ ቤቱ እንደሚውል ሁሉም ያውቃል፤ ሲደብቅ የተያዘ ደግሞ ከቦዌን የሚጠጣው ስድብ ለብቻው ነው። ምንም ያልሆነ «የለም» ይልና ያልፋል። ታላም ሁልጊዜ «የለም» ነበር የሚለው።

ሙሉ ስሙ ኪፕታላም ነው፤ ሥራው ማሯሯጥ። በትልልቆቹ ማራቶኖች ላይ ከሁሉም ፊት ሆኖ ነፋሱን እየመከተ፣ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ሳይጨምር አሸናፊዎቹን ይጎትታል። ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ከመንገዱ ይወጣል። የቀረው የእነሱ ነው። እነሱ ሪባን ሲበጥሱ እሱ ዳር ቆሞ ጃኬቱን ይደርባል። ከእኛ ካምፕ ስሙ ዓለም የዞረው ኪሞሶፕ ያሸነፈውን ሁሉ ያሸነፈው የታላምን ጀርባ እያየ ነው። «የታላምን ማጅራት ከሚስቴ ፊት በላይ አውቀዋለሁ» ይላል ኪሞሶፕ፤ ሚስቱም ትስማ አትስማ ግድ የለውም።

ታላም በዕድሜው አንድም ማራቶን እስከ መጨረሻው ሮጦ አያውቅም። ልጆቹ በዚህ ሲቀልዱበት ለጉድ ነበር። ሻይ ካስተረፈ፣ «ተዉት፣ እንኳን ሻዩን ሩጫውንም አይጨርስ» ይሉታል። ምግብ ላይ ጸሎት እንዲያደርስ ከተጠየቀ፣ «ለአሜኑ ሌላ ሰው ይዘጋጅ» ይላሉ። ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው ራሱ ነበር። ረጋ ያለ፣ ነገር የማይቆጥር፣ ዝናብ ሲሆን ወጥ ቤቴ ገብቶ ሽንኩርት የሚከትፍልኝ ልጅ። እያለቀሰ ነው የሚከትፈው፣ በሽንኩርቱ ማለቴ ነው።

እንግዲህ የዘንድሮው ትልቁ ዝናብ ሲገባ ሳህኑን ይዞ ቆሞ መብላት ጀመረ። ዝም አልኩ፤ ሰው ቆሞ ቢበላ ምን አለበት? ቀጥሎ እየተንጎራደደ ሆነ። አንዴ ይጎርሳል፣ እስከ በሩ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ምድጃው ጋ ሲደርስ ዞር ይላል። «አንተ ልጅ፣ ወለሌን ልትጨርሰው ነው፣ ቁጭ በል» እለዋለሁ። ይቀመጣል። ጨው ላቀብለው ስዞር ተነስቷል። ውሃ ሊቀዳ እስከ ቧንቧው ሲሄድ እንኳ በሶምሶማ ነው። ሌሎቹ ሳይነሱ እሱ አንዴ ሮጦ ተመልሷል፣ ከእነሱ ጋር ደግሞ ይሮጣል፣ ከሰዓት በኋላ ሌላው ጋደም ሲል የእሱ ጫማ በር ላይ የለም።

ሌላ አገር ቢሆን ኖሮ ሰው «ይሄ ልጅ ምን ነካው?» ይል ነበር። እኛ ጋ ግን እንቅልፉን ትቶ የሚሮጥ ሰው ምን ይባላል? ቆርጦ ተነሳ ይባላል። ጉንጩ ሲጎደጉድ «ክብደቱን አወረደ» አሉ። ዝም ሲል «ሐሳቡን ሰበሰበ» አሉ። ሻዩ ሳይነካ ሲቀዘቅዝ ያው የድሮው ቀልድ ተደገመ፣ ያው ሳቅ ተሳቀ። አንድ ቀን ከምድጃው ቀና ብል ግማሹ ካምፕ ቆሞ ይበላል። ምን ሆናችሁ ብል፣ ታላም እንዲህ ነው የሚበላው፣ እኛም እንደ እሱ ልንፈጥን ነው አሉኝ። በማማሰያ አስቀመጥኳቸው።

መፍጠኑንስ ፈጥኖ ነበር። ቦዌን ደስታውን የት እንደሚያኖረው ጠፋው። አውሮፓ ውስጥ ባለ አንድ ትልቅ ውድድር ላይ እንዲያሯሩጥ አስቀጠረውና ወጥ ቤት ድረስ መጥቶ፣ በዚህ ከቀጠልክ ዘንድሮ እንድትጨርስም እነግርልሃለሁ አለው። ታላም «እሺ» አለ። እሺ ሲል ዓይኑ በሩ ላይ ነበር።

ሚስቱ ጄሮቲች ገበያው ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ ናት። ታላም እሁድ እሁድ ወደ እሷና ወደ ትንሿ ልጃቸው ይሄዳል። አንድ ሰኞ ጄሮቲች ሳላያት ወጥ ቤት ገብታ፣ ሳልጠይቃት ድንች መላጥ ጀመረች። ስትልጥ ቢላዋው ድንቹን ግማሽ ያህል ይዞት ይሄዳል። ኧረ በሕግ፣ ልጆቼ ምን ሊበሉ ነው ልላት ስል ፊቷን አየሁትና ተውኩት።

ቤትም ያው ነው አለችኝ። አይተኛም፤ ተነስቶ ግቢውን ይዞራል፣ ይመለሳል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይላል፣ ደግሞ ይነሳል። ልጅቷ እግሩ ላይ ስትጠመጠም ቀስ ብሎ ያላቅቃትና ይወጣል፤ ድሮ ትከሻው ላይ አድርጓት ገበያ ነበር የሚዞረው። ፓስተሩ መጥቶ ጸለየ። ጸሎቱን አልጠላችውም፣ ግን እስከ መጨረሻው የታላም ጉልበት እንደ ስፌት መኪናዋ ይርገበገብ ነበር። አጎቱ የሰው ዓይን ነው ብሎ መራራ ሥር አመጣ። አማቷ በደንብ አታበዪው ይሆናል አለቻት። ያን ስትነግረኝ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ትናንት ምን አለኝ መሰለሽ ማማ» አለችኝ። «እኔ ባልኖር እናንተ ይቀላችሁ ነበር አለኝ። ሲናገረው ደግሞ እንደ ቀልድም እንደ ጠብም አይደለም። ዝም ብሎ፣ ጨው አልቋል እንደሚል ሰው።»

ክው አልኩ። ሰው ሲደነግጥ የማያውቀውን ያወራል፤ እኔም ድካም ነው፣ ወንዶች እንዲህ ናቸው፣ ወተት ይጠጣ፣ ያልፋል እያልኩ ለፈለፍኩ። በማግስቱ ከቤቴ ቅል ሙሉ ሙርሲክ አመጣሁለት፤ ከሰል የተቀባ ቅል ውስጥ የከረመ፣ ልጆቹ የሚሻሙበት እርጎ ነው። አንዴ ተጎነጨና እንዳላዝንበት ብሎ ፈገግ አለ። ፈገግታው ነው ያናደደኝ። ምን ጎደለህ አልኩት። ሚስት አለህ፣ ልጅ አለህ፣ እግር አለህ፣ ሥራ አለህ፣ ምን ጎድሎህ ነው ሴቲቱን የምታስጨንቃት?

«ምንም አልጎደለኝም ማማ» አለኝ እየተንጎራደደ። «እሱ ነው እኮ የቸገረኝ። ምንም ሳይጎድለኝ ነው።»

ሳህኑን ግድግዳው ጥግ አስቀምጦ ሮጦ ወጣ። እኔም ቅሉን ይዤ ቀረሁ።

ከዚያ ሐሙስ መጣ። ሐሙስ የፈጣን ልምምድ ቀን ነው። ታላም እንደ ወትሮው ከፊት ሆኖ በቀዩ አፈር መንገድ ልጆቹን ይጎትታል፤ ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርስ ወጥቶ ይቆማል፣ ሌሎቹ ይቀጥላሉ። እንዲህ ነበር ዕቅዱ። ሻዩን ጥጄ ስጠብቅ ልጆቹ አንድ በአንድ፣ ያለ ወትሮአቸው ጸጥ ብለው ገቡ። ታላምና ኪሞሶፕ የሉም። የት ናቸው ስል መሬት መሬት ያያሉ። ቆይተው ሁለቱ መጡ። ኪሞሶፕ የታላምን እጅጌ ጨምድዶ ይዟል፣ ግቢ ከገቡም በኋላ አልለቀቀውም። ሁለት ልጆች ታላምን ይዘው ወደ ክፍሉ ሲወስዱት ኪሞሶፕ የወጥ ቤቴ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። የሰጠሁትን ሻይ እንደ ሕፃን ልጅ በሁለት እጁ ያዘ፤ ስንቱን አገር ያሸነፈ ሰውዬ።

ታላም ገና ከጅምሩ ፍጥነቱ ተበላሽቶ ነበር አለኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ፍጥነቱ ተበላሽቶ አያውቅም። ይጨምራል፣ ይጨምራል፤ ከኋላ ቢጮሁ አይሰማም። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሊወጣ ሲገባው አልወጣም። አሯሯጭ የሚያሯሩጣቸውን ሰዎች ጥሎ ሄደ። ሁሉም ቀሩ፤ ኪሞሶፕ ብቻ ተከተለው፤ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ በቆሎውን አልፎ፣ ሸለቆው አፋፍ ድረስ። እዚያ ቆሞ አገኘው። ቆሞም እግሮቹ ቦታቸው ላይ ይረግጣሉ።

«ምን አለኝ መሰለሽ» አለኝ ኪሞሶፕ። «የምወጣበት ቦታ ጠፋኝ አለኝ። ሁልጊዜ የት እንደምወጣ አውቅ ነበር፣ ጠፋኝ አለኝ። ዛሬ ባልመለስ ይሻላል ብዬ ነው የመጣሁት፣ ስሜን ስትጠራ ቆምኩ አለኝ። ባልጠራውስ ማማ?»

ቦዌን በር ላይ ቆሞ ሰምቷል። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ግን ሲናገር ሌላ ነገር ተናገረ። ከልክ በላይ ሮጧል፣ ሁለት ሳምንት ይረፍ፣ ይተኛ፣ ወሬው ከዚህ ግቢ እንዳይወጣ አለ። የውድድሩ ሰዎች ጭንቅላት የሚል ቃል ከሰሙ ልጁ አበቃለት፣ ማንም ዳግመኛ አይቀጥረውም አለ። ለእሱ አስቦ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ደሜ ፈላ።

«ባቱ ቢሆን ምን ትለው ነበር?» አልኩት።

ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። «ባት ሌላ ነው» አለ።

ማማሰያዬን ድስቱ ውስጥ ትቼ፣ ታላምን ለኪሞሶፕ አደራ ብዬ፣ ጄሮቲችን ከስፌት መኪናዋ አስነስቼ ይዣት ሄድኩ። ወዴት እንደምሄድ ግን አላወቅኩም ነበር። ያወቀችው ራሷ ናት። መንገድ ላይ ቆም ብላ፣ «ፓስተሩን አየን፣ አጎትየውን አየን፤ ከገበያው ጀርባ ያለችውን ነርስ ግን አላየናትም» አለች። እስከዚያ ቀን ነርስ የምናየው ለወባ፣ ለወሊድና ለቁስል ነበር።

ነርሷ ጄፕቱም ትባላለች። በር ዘግታ፣ ወንበሯን ወደ እኛ ጠጋ አድርጋ፣ ዓይን ዓይናችንን እያየች ጠየቀች። ከመቼ ጀምሮ ነው? ይተኛል? ይበላል? ድሮ የሚወደው ነገር አሁንም ደስ ይለዋል? ከልጁ ጋር ይጫወታል? ጄሮቲች ስትመልስ ድምጿ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄደ። መጨረሻ ላይ ጄፕቱም ሞትን አንስቶ ያውቃል ወይ አለች፤ አፋፉን የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ጄሮቲች ገና አልሰማችም ነበር። እጄን አጥብቃ ያዘችኝ።

«ሰው ሁሉ ይጨንቀዋል፣ ያልፍለታል» አለች ጄፕቱም። «ሳምንታት አልፈው ካላለፈለት፣ እንቅልፉና ምግቡ ከሄደ፣ ከሰው መሆን ካቃተው፣ ያኔ ቤት ውስጥ መሞከር ይበቃል፤ የአእምሮ ሐኪም ያየዋል። ሞትን ካነሳ ደግሞ ሳምንት አይጠበቅም፤ ነገም አይባልም። ዛሬ ነው።»

«አብዷል ማለት ነው?» አለች ጄሮቲች።

«ታሟል ማለት ነው። የሚያክሙት ሰዎች አሉ።»

ጄሮቲች አለቀሰች፤ ለቅሶው ግን ትንፋሽ እንደማግኘት ያለ ነበር። ጄፕቱም እኛው ፊት ትልቁ ከተማ ኤልዶሬት ያለው ሆስፒታል ደውላ፣ እየመጣ ነው ብላ ነገረቻቸው። እስከዚያው ለአፍታም ብቻውን እንዳይሆን አለችንና ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ቆዳ ጫማ አጥልቃ ተከተለችን።

ካምፕ ስንደርስ ታላም ግቢውን ይዞራል፤ ኪሞሶፕ እግር በእግር ይከተለዋል። ጄሮቲች ፊቱ ቆመች። አላባበለችም፣ አልዋሸችም። ኤልዶሬት እንሄዳለን፣ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ፣ ዛሬ፣ አብሬህ ነኝ አለችው። እምቢ ይላል ብዬ ክንዴን ሰብስቤ ነበር። «እሺ» አለ። በዚህኛው እሺ ዓይኑ እሷ ላይ ነበር።

መኪናው ውስጥ መግባቱ ግን ሌላ ጣጣ ሆነ። ቦዌን አንዲት አሮጌ ፒክአፕ አለችው። ታላም ገባ፣ በሩ ተዘጋ፣ ወዲያው ከፍቶ ወጣ። ደግሞ ገባ። ላብ አጠመቀው፤ ትንፋሹ ቁና ቁና ሆነ፤ እጁ መክፈቻውን ሳያስበው ይፈልገዋል። እየሄደች ቢከፍተውስ? የሰፈሩ ሰው አጥሩ ጋ መሰብሰብ ጀመረ። አንዱ ብልህ ነኝ ባይ፣ አስሮ መውሰድ ነው እንጂ አለ። ጄሮቲች ያየችው አስተያየት እስካሁን ሳያንገበግበው አይቀርም። ታላም የመኪናውን ጣሪያ ይዞ አቀረቀረና፣ «መሄዱን እሄዳለሁ፤ መቀመጡ ነው ያቃተኝ» አለ። ማልቀሱ ነው መሰለኝ። ሽንኩርትም አልነበረም።

ያኔ ኪሞሶፕ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማጥበቅ ጀመረ። «በእግር እንሂድ» አለ።

ጮህኩበት። ይሄ ሰው ስንት ቀን አልበላም፣ አልተኛም፣ አንተም አብረህ ለቀቅክ እንዴ አልኩት። ኪሞሶፕ ወደ ታላም ዞረ። ኤልዶሬት ድረስ ያለው መንገድ የቅዳሜ ረጅም ሩጫችን ነው እንጂ ሌላ ምን ነው አለ ለታላም። አልደብቅህም፣ የምንሄደው ሆስፒታል ነው፤ ዛሬ ግን ከፊት የምሆነው እኔ ነኝ አለው። ጄፕቱም ታላምን አየችው፣ መኪናውን አየችው፣ አሰበች። ከመቅረት ይሻላል አለች፤ ግን ቀስ ብላችሁ፣ እኔ ከኋላ በመኪና፣ ውሃና ሻይ እየጠጣ፣ ሲደክመው ይገባል። ቁልፉ ያለው ቦዌን ጋ ነው። ሁላችንም ዞረን አየነው። እያነከሰ መጣና መሪው ጋ ተቀመጠ። ጄፕቱም ከጎኑ፣ ጄሮቲችና እኔ ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጣን። ፔርሙሱን ታቅፌያለሁ።

እንዲህ ሆነን ወጣን። ኪሞሶፕ ከፊት፣ ታላም ከኋላው፣ ሁለት ልጆች ከግራና ከቀኝ፣ እኛ በመኪና። ኪሞሶፕ እኮ በዕድሜው ከፊት ጀምሮ አያውቅም፤ ሰው ተከትሎ ሮጦ መጨረሻ ላይ መቅደም ነው ልማዱ። አላወቀበትም። አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ሊቆም ይደርሳል፤ ደንግጦ ዞር እያለ ያያል። መንገድ ዳር ጎመን የሚሸጡት ሴቶች፣ ሻምፒዮኑ ዛሬ ምን ሆኖ ነው እንደ አሮጊት የሚሮጠው ብለው ሳቁበት። የሚሉትን ብቻ ይበሉ እንጂ አልመለስኩላቸውም፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ታላም አንገቱን ሰብሮ የኪሞሶፕን ተረከዝ ብቻ ያያል። ጄሮቲች የመኪናውን ብረት ይዛ፣ በከንፈሯ ብቻ የሆነ ነገር ትላለች።

ቆየት ብሎ፣ ያን ሁሉ መንገድ ዝም ብሎ የመጣው ታላም አፉን ከፈተ። «ቸኮልክ» አለው ለኪሞሶፕ። «ትከሻህን ጣለው። እንዲህ ከሆነ ሰዎቹን ትጨርሳቸዋለህ።» ኪሞሶፕ ትከሻውን ጣለ። ጥቂት ሄደው ታላም፣ «እሱን ያዘው» አለ። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ተስተካከለ፣ እግራቸው አንድ ላይ ማረፍ ጀመረ። ቦዌን መሪው ላይ ሆኖ በእጁ አፍንጫውን ሲጠርግ በመስታወቱ አየሁት።

ቁልቁለቱ ላይ የታላም ጉልበት ከዳው። መኪናው ቆመ። ግባ አልነው፤ ሞከረ፤ አልሆነም። ጄሮቲች ወርዳ ሻይ ሰጠችው፣ ግማሹን ጠጥቶ መለሰላት። ከልጆቹ አንዱ የድሮውን ቀልድ ሊቀልድ አፉን ሲከፍት አይቼው ዓይኔን አፈጠጥኩበት። ግማሽ ሻይ ስንት ነው! ከዚያ ወዲያ አልሮጡም ማለት ይቻላል፤ ሶምሶማም አይባልም፤ ብቻ አልቆሙም። ጄሮቲችም ተመልሳ አልወጣችም፤ በነጠላ ጫማዋ ከጎኑ ሄደች።

የሆስፒታሉ በር ትልቅ የብረት በር ነው፣ ክፍት ነበር። በሩ ጋ ሲደርሱ ኪሞሶፕ እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ከመንገዱ ወጣ፣ ታላም ስንት ዓመት እንዳደረገለት። ታላምም ወጣ። እግሩ ለምዶት ነው፤ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መውጣት እንጂ ሌላ አያውቅም። ሁለቱ ዳር ላይ ቆሙ፣ በሩ ባዶውን ቀረ። ዘበኛው ግራ ገብቶት ያየናል።

«አይ» አለ ኪሞሶፕ። «ዛሬ አሯሯጩ እኔ ነኝ። ከዚህ የቀረው ያንተ ነው።»

ታላም አልተንቀሳቀሰም። በሩን አየ። ወደ መጣንበት መንገድ አየ፤ መንገዱን ሲያይ ቆየ። ጄሮቲች እጁን ያዘች፣ እጁን ሰጣት፣ እግሩን ግን አልሰጣትም፤ እግሮቹ ያው ቦታቸው ላይ መርገጥ ጀመሩ። አሁን ተመልሶ ቢሮጥ ማንኛችን እንይዘዋለን እያልኩ ከጭነቱ ላይ ወረድኩ።

የመኪናው በር ተከፈተና ቦዌን ወረደ። እያነከሰ ሄዶ፣ ማለዳ ማለዳ እንደሚቆመው፣ ታላም ፊት ቆመ። ስለ ውድድሩ ካነሳ በዚህ ፔርሙስ ነው የምለው ብዬ አስቤያለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«የት ጋ?» አለው።

ታላም አፉን ከፈተ። «የለም» ሊል ነው፤ ከንፈሩ ላይ አየሁት። መልሶ ዘጋው። መዳፉን አንስቶ ግንባሩ ላይ አደረገ፣ ጥቂት ቆይቶ ወደ ደረቱ አወረደው፣ እዚያው ተወው።

«እዚህ ጋ» አለ። «ከዝናቡ ጀምሮ።»

ቦዌን በእጁ ወደ በሩ አመለከተ።

«ዛሬ ሩጫ የለም» አለው። «ሂድና ታይ።»

የታላም እግሮች ቆሙ። የጄሮቲችን እጅ ይዞ ወደ በሩ ዞረ፤ ዘበኛው ገለል አለላቸው፤ ቀስ ብሎ፣ በእርምጃ፣ ገባ።